ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት፦ በሜዳ አድሮ ሙዚቃ ለመስማት ስለሚደረግ ዝግጅት

ድንኳን ተሸክሞና ስንቅ ቋጥሮ ሙዚቃ ወደሚሰማበት ሜዳ መሄድ፥ እዚያም ሁለት ሦስት ሌሊት ማደር፥ በዛሬው ጊዜ በብዙ አገር ወጣቶች ዘንድ የተለመደ ነገር ሆኗል። በእኛም ዘንድ ተማሪዎች በዕረፍት ቀን ገንዘብ አዋጥተውና መኪና ተከራይተው ወደ ላንጋኖ ሲወርዱ ወይም ወደ ወንጪ ሲወጡ፥ በእሳት ዙሪያም እየዘፈኑ ሲያመሹ ይታያሉ። ይሁን እንጂ ስለ ዝግጅቱ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ «ጨዋታ አይደለም ወይ? ለጨዋታ ደግሞ ምን ጥናት ያስፈልገዋል?» የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንከራከረው ከዚህ አስተያየት ጋር ነው።

ሐሳባችን በአጭሩ ይህ ነው። በሜዳ ለሚያድር ሰው ዝግጅት ማለት የራሱን ምቾት ማሰናዳት ብቻ አይደለም። ሳይዘጋጅ የመጣ ሰው ችግሩ እሱው ዘንድ አይቀርም፤ ያልያዘውን ውሃ፥ የረሳውን ልብስ፥ ያላሰበበትን መጸዳጃ አጠገቡ ያለው ሰው ይሸከምለታል። ሰዎቹ ጥቂት ሲሆኑ ይህ በወዳጅነት ይታለፋል። ብዙ ሺህ ሲሆኑ ግን ነገሩ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። ይህን ለማስረዳት በመጀመሪያ ሦስት እውነተኛ ታሪኮችን እንመለከታለን፤ ቀጥሎም ከእነርሱ የሚገኘውን ትምህርት ለእኛ ጉዞ በሚስማማ መንገድ ከፋፍለን እናቀርባለን።

ሀ/ የዉድስቶክ ሜዳ

ነሐሴ 9 ቀን 1961 ዓ.ም.፥ ማለት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኦገስት 15 ቀን 1969፥ በአሜሪካ አገር በኒው ዮርክ ግዛት ቤቴል በምትባል የገጠር ቀበሌ የዉድስቶክ የሙዚቃ በዓል ተከፈተ። በዓሉ በስሟ ይጠራ እንጂ የዉድስቶክ ከተማ ከዚያ ሥፍራ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። አዘጋጆቹ ማይክል ላንግ፥ አርቲ ኮርንፌልድ፥ ጆን ሮበርትስና ጆኤል ሮዘንማን የሚባሉ፥ ዕድሜያቸው ከ30 ዓመት በታች የሆነ አራት ወጣቶች ነበሩ። እነዚህ ወጣቶች በዓሉን ለማድረግ ያሰቡት ዎልኪል በሚባል ሌላ ቀበሌ ነበር። ዳሩ ግን የዎልኪል ሹማምንት በጁላይ ወር 1969 የሚያግድ ደንብ ስላወጡባቸው ቦታ ፍለጋ እንደገና ተነሡ። በዓሉ ሊደርስ አንድ ወር ያህል ብቻ ሲቀረው ማክስ ያስገር የተባለ የወተት ላሞች አርቢ የግጦሽ ሜዳውን አከራያቸው።

የጊዜው ማጠር ያስከተለው ነገር ቀላል አልነበረም። መድረኩንም አጥሩንም በአንድነት ለመጨረስ ስላልተቻለ አጥሩ ቀርቶ መድረኩ ተሠራ። የሦስቱ ቀን መግቢያ አስቀድሞ ለገዛ ሰው 18 ዶላር ነበር፤ አጥር ስለሌለ ግን ሕዝቡ ያለ ቲኬት እንደ ጎርፍ ገባ። አዘጋጆቹ ለአካባቢው ባለሥልጣኖች የሚመጣው ሰው 50,000 ያህል ይሆናል ብለው ነበር፤ የመጣው ከ400,000 በላይ እንደሚሆን ተገምቷል።

እስቲ ቁጥሩን እንመርምረው። በሜዳው ላይ የተተከሉት መጸዳጃዎች 600 ያህል ነበሩ። ለ50,000 ሰው ቢሆን አንዱ መጸዳጃ ለ83 ሰው ይደርሳል፤ ይህም ጥቂት ነው። ለ400,000 ሰው ሲሆን ግን አንዱ መጸዳጃ ከ660 ለሚበልጥ ሰው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አንባቢ ራሱ ሊገምት ይችላል።

ወደ ሥፍራው የሚያደርሱት መንገዶች በመኪና ተዘጉ። ብዙዎች መኪናቸውን በመንገድ ዳር ጥለው በርካታ ኪሎ ሜትር በእግራቸው ተጓዙ። ሙዚቀኞቹም በሄሊኮፕተር መመላለስ ግድ ሆነባቸው፤ ሪቺ ሄቨንስ የተባለው ዘፋኝ በዓሉን የከፈተው ከእሱ በፊት ይጫወታሉ የተባሉት በመንገድ ላይ ስለቀሩ ነው። መንገዱ ሲዘጋ የምግብ ጭነትም አብሮ ተዘጋ። በሜዳው ላይ ለሽያጭ የቀረበው ምግብ እንዲህ ላለ ሕዝብ የሚበቃ አልነበረም፤ ቶሎ ተሟጠጠ። ዓርብ ሌሊት ዝናብ ዘነበ። እሑድ ከቀትር በኋላ ደግሞ ነፋስና መብረቅ ያለበት ከባድ ዝናብ መጥቶ ሙዚቃው ለብዙ ሰዓት ተቋረጠ። ላሞች ሲግጡበት የነበረው መሬት በመቶ ሺህ እግር ሲረገጥ ማጥ ሆነ።

ታዲያ ይህን ሁሉ ሕዝብ ከረኀብ ያወጣው ማን ነው? አንደኛ፥ ሆግ ፋርም የሚባለው ማኅበር ነው። ይህ ማኅበር በብዛት አብስሎ ማብላት የለመደ ስለነበር ወጥ ቤቱን አስቀድሞ አሰናድቶ፥ አጃና የእኛን ቅንጬ የሚመስል የተከካ ስንዴ በብዛት ገዝቶ ቆይቶ ነበር። ሁለተኛ፥ የአካባቢው ሕዝብ ነው። ሞንቲሴሎ በምትባለው ጎረቤት ከተማ ያሉ የአይሁድ ማኅበር ሴቶች ዳቦ እየቆረጡ ሳንድዊች ሠርተው ላኩ። ማክስ ያስገርም አንዳንድ ሰዎች ውሃ በገንዘብ እንደሚሸጡ በሰማ ጊዜ ተቈጥቶ ለተጠማው ሁሉ ውሃ በነፃ ሰጠ። ሕመምተኞችንም ለመርዳት ሐኪሞች በሄሊኮፕተር ገቡ። ከታከሙት መካከል ብዙዎቹ በባዶ እግራቸው ሲሄዱ በጠርሙስና በቆርቆሮ የተቆረጡ ነበሩ።

በዚያ በዓል ቢያንስ ሁለት ወጣቶች ሞተዋል። አንደኛው የሞተው በአደንዛዥ ዕፅ ነው። ሁለተኛው የ17 ዓመት ልጅ ነበር፤ በአጠገቡ ባለ ማሳ በመኝታ ከረጢቱ ውስጥ ተኝቶ ሳለ ሳያየው የመጣ ትራክተር ሄደበት። ይህን የመጨረሻውን አንባቢ እንዲያስታውሰው እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

ስለ ዉድስቶክ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው ይህን ያህል ሕዝብ ተሰብስቦ ጠብ አለመነሣቱ ነው። ይህ እውነትና የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ሰላሙ ከሰማይ የወረደ አልነበረም። ጥቂት ሰዎች አስቀድመው የመጠኑት እህልና ሌሎች ሰዎች ከቤታቸው ያወጡት ዳቦ ባይኖር ኖሮ የተራበ ሕዝብ ምን ያህል ጊዜ በትዕግሥት ይቀመጥ እንደነበረ መናገር አይቻልም።

ለ/ የአልታሞንት ሜዳ

ኅዳር 27 ቀን 1962 ዓ.ም.፥ ማለት ዲሴምበር 6 ቀን 1969፥ በካሊፎርኒያ ግዛት አልታሞንት በሚባል የመኪና እሽቅድምድም ሜዳ ሌላ የሙዚቃ ስብሰባ ተደረገ። ዋነኞቹ ተጫዋቾች ሮሊንግ ስቶንስ የሚባሉት እንግሊዛውያን ነበሩ፤ የመጣው ሕዝብ እስከ 300,000 ይገመታል። ቦታው የተለወጠው ዕለቱ ሊደርስ ሁለት ቀን ያህል ብቻ ሲቀረው ነው። መድረኩ በኮረብታ ላይ እንዲቆም ታስቦ የተሠራ ስለነበር ቁመቱ ከአንድ ሜትር እምብዛም አይበልጥም ነበር። በአዲሱ ቦታ ግን ከዳገቱ ግርጌ ስለ ዋለ ሕዝቡ ከላይ ወደ ታች እየተገፋ በመድረኩ ላይ ፈሰሰ። መድረኩን እንዲጠብቁ የተደረጉትም ሄልስ ኤንጀልስ የሚባሉ የሞተር ቢስክሌት ማኅበርተኞች ነበሩ።

በዚያ ቀን አራት ሰዎች ሞቱ። አንዱ በመድረኩ ፊት በጩቤ ተወግቶ፥ ሁለቱ በመኪና ተገጭተው፥ አንዱም በውሃ ቦይ ውስጥ ሰጥሞ ነው። ልዩነቱ ሁሉ ከዝግጅት ማነስ የመጣ ነው ብለን አንደመድምም። ነገር ግን አገሩ ያው፥ ዘመኑ ያው፥ ወጣቱም ያው ሆኖ ሳለ በአራት ወር ውስጥ ውጤቱ ይህን ያህል መለያየቱ ሊያሳስበን ይገባል። አባቶቻችን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላሉ፤ በአልታሞንት የፈሰሰው ግን ሊለቀም የማይችል የሰው ደም ነበረ።

ሐ/ የግላስተንበሪ ሜዳ

ሦስተኛው ምሳሌያችን በእንግሊዝ አገር ነው። መስከረም 9 ቀን 1963 ዓ.ም.፥ ማለት ሴፕቴምበር 19 ቀን 1970፥ ማይክል ኢቪስ የተባለ ገበሬ በሶመርሴት አውራጃ ፒልተን በምትባል መንደር በራሱ እርሻ ላይ የሙዚቃ በዓል አደረገ። ኢቪስም እንደ ያስገር የወተት ላሞች አርቢ ነበር። የመግቢያው ዋጋ አንድ ፓውንድ ሆኖ ወተት በነፃ ይታደል ነበር፤ የመጣው ሕዝብም 1,500 ያህል ብቻ ነው።

ያ በዓል ከዚያ ወዲህ አድጎ በአሁኑ ጊዜ 200,000 ያህል ሰው የሚያርፍበት የድንኳን ከተማ ሆኗል። ያደገው ግን እየተማረ ነው። ለመጠጥ የሚሆን ውሃ በየሥፍራው በቧንቧ ይቀርባል፤ ሕዝቡም የራሱን ኮዳ ይዞ እንዲመጣ ይነገረዋል። ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተጠጥቶ የሚጣል የፕላስቲክ ጠርሙስ መሸጥ ቀርቷል። በየጥቂት ዓመቱም፥ ለምሳሌ በ2018 (እ.ኤ.አ.)፥ መሬቱ እንዲያርፍና ሣሩ እንዲያገግም በዓሉ ሳይደረግ ይታለፋል።

እንደዚህም ሆኖ ሰማዩን የሚያዝዝ አዘጋጅ የለም። በ1997፥ በ1998ና በ2005 (እ.ኤ.አ.) ዝናቡ ሜዳውን ጭቃ አድርጎት እንደነበረ ይታወቃል። አዘጋጁ የቱንም ያህል ቢደክም ቦት ጫማ ሳይዝ የመጣውን ሰው ከጭቃ ሊያወጣው አይችልም። በሌላ በኩል ደግሞ በዓሉ ሲያልቅ ሰዎች ድንኳናቸውን ሜዳው ላይ ጥለው መሄዳቸው አዘጋጆቹን ለብዙ ጊዜ ሲያስቸግር ኖሯል። እንግዲህ ዝግጅት ሁለት ወገን እንዳለው እናያለን፤ አንዱ የባለ ሜዳው፥ ሌላው የእንግዳው ነው። ከዚህ በታች የምንናገረው ስለ እንግዳው፥ ማለት ስለ ራሳችን ነው።

መ/ የዝግጅቱ ትምህርት

1ኛ/ ስለ ቦታና ስለ ድንኳን። ድንኳን የሚተከለው ውሃ በማይተኛበት ከፍ ባለ መሬት ላይ ነው። ጎድጓዳ ሥፍራ ነፋስ ስለማያገኘው ያማልላል፤ ነገር ግን ሌሊት ቅዝቃዜም ጎርፍም የሚወርደው ወደዚያው ነው። የደረቀ የወንዝ መውረጃ ፈጽሞ አይታመንም፤ በስምጥ ሸለቆ አካባቢ እኛ ያለንበት ሰማይ ጠርቶ ሳለ በደጋው የዘነበው ዝናብ በድንገት ሊደርስ ይችላልና። ብቻውን የቆመ ዛፍ መብረቅ ይስባል፤ የደረቀ ቅርንጫፍ ያለውም ሌሊት ሊወድቅ ይችላል። ከሁሉ በላይ ግን መኪና ሊያልፍበት በሚችል ቦታ መተኛት አይገባም። የዉድስቶኩን ልጅ እዚህ ላይ እናስታውስ። እሱን የገደለው ሙዚቃውም ሕዝቡም አይደለም፤ ተሽከርካሪ በሚሠራበት ማሳ፥ ሰው መኖሩን በሚያሳይ ምልክት ሳይከበብ መተኛቱ ነው። ስለዚህ ድንኳኖቻችን በአንድነት ተጠጋግተው ይተከሉ፤ በአውታሮቹም ላይ በጨለማ የሚታይ ነጭ ጨርቅ ይታሰር።

ስለ መብረቅ አንድ ቀላል ስሌት አለ። ብልጭታውን ካየን በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሴኮንዱን እንቁጠር፤ ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ቁጥሩ ከ30 ካነሰ መብረቁ በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነውና ወደ ቤት ወይም ወደ መኪና መግባት ይገባል። ድንኳን ከዝናብ እንጂ ከመብረቅ አያድንም።

2ኛ/ ስለ ብርድ። የአየር ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ላንጋኖ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ሲሆን የወንጪ አካባቢ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፤ ስለዚህ በሁለቱ መካከል ወደ 8 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት መኖሩን በወረቀት ላይ ብቻ ልናውቀው እንችላለን። ለላንጋኖ የበቃ ልብስ ለወንጪ አይበቃም። ሌላው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር ብርድ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከታችም መምጣቱ ነው። መሬት የሰውነትን ሙቀት ይመጣል፤ ሁለት ብርድ ልብስ ያለው ሰው ሁለቱንም ከሚለብሳቸው አንዱን ቢያነጥፈው ይሻለዋል። ከሥር ላስቲክ፥ በላዩ ሰሌን ወይም ቀጭን ፍራሽ፥ ከዚያ በኋላ ብርድ ልብስ መሆን አለበት። ጋቢ ሲደርቅ መልካም ነው፤ በዝናብ ከራሰ ግን ይከብዳል፥ ሙቀትም አይዝም። ስለዚህ የሌሊቱ ልብስ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጥና እስከ መኝታ ሰዓት አይነካ።

3ኛ/ ስለ ውሃ። ለአንድ ሰው ለመጠጥ ብቻ በቀን ከሁለት እስከ ሦስት ሊትር ያስፈልጋል፤ ምግብ ለማብሰልና እጅ ለመታጠብ ሲጨመርበት ከአምስት ሊትር ማነስ የለበትም። አሥር ሰው ሦስት ቀን ቢቆይ 150 ሊትር ማለት ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን ይህ 150 ኪሎ፥ ማለት ስምንት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሆናል። እንግዲህ «ውሃ እዚያው አይጠፋም» ብሎ መነሣት ወይም ይህን ሁሉ በጀርባ እናደርሳለን ማለት ሁለቱም ከንቱ ናቸው። ከመሄዳችን በፊት አንድ ሰው ሄዶ ወይም ጠይቆ ምንጩን ማረጋገጥ አለበት። የምንጭና የሐይቅ ውሃ ሳይፈላ አይጠጣም። ከፍ ባለ አገር ውሃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች ስለሆነ፥ በአዲስ አበባ ከፍታ 92 ዲግሪ ገደማ ነው፥ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያህል መቆየት ይገባዋል።

4ኛ/ ስለ ስንቅ። በዚህ ረገድ ከሌላው አገር የምንማረው ጥቂት ነው። አባቶቻችን ለዘመቻ ሲወጡ፥ ነጋዴዎቻችንም አገር ሲያቋርጡ የያዙት ስንቅ ለዚህ ጉዳይ የታሰበ ይመስላል። በሶ እሳት አይፈልግም። ቆሎና ዳቦ ቆሎ አይበላሹም። ድርቆሽ ቀላል ነው፤ ጥቂት ትኩስ ውሃ ካገኘ ፍርፍር ይሆናል። ጭኮ በትንሹ ብዙ ኀይል ይሰጣል። በአንጻሩ ደግሞ በድስት ተጭኖ በመኪና ሙቀት የዋለ የሥጋ ወጥ በማግስቱ ለአደጋ ይዳርጋል። ስንቅ ሁልጊዜ ከታሰበው በአንድ ቀን በልጦ ይቋጠር፤ በዉድስቶክ የተራቡት ሰዎች ገንዘብ ስላልነበራቸው ሳይሆን መንገድ ስለ ተዘጋ ነውና።

5ኛ/ ስለ እሳትና ስለ ከሰል። ይህን ክፍል ማንም ሳያነበው እንዳያልፍ እንለምናለን። ሌሊቱ ሲበርድ የከሰል ምድጃ ወደ ድንኳን ማስገባት ሞት ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል፥ ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ በደማችን ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመውን ነገር ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኀይል ይይዘዋል፤ ሰውየውም ራስ ምታትና ድካም ተሰምቶት እንቅልፍ መጣልኝ ሲል በዚያው ይቀራል። የነደደው ከሰል ፍም ብቻ ቢሆን፥ ጭሱም ባይታይ፥ አደጋው አይቀንስም። የምግብ ማብሰያው ከድንኳኑ ውጭ፥ ነፋሱ ወደ ድንኳን በማይወስደው ወገን ይሁን፤ ከመተኛትም በፊት በውሃ ይጥፋ። ለሙቀት የሚሻለው ትኩስ ውሃ በኮዳ ሞልቶ ታቅፎ መተኛት ነው።

6ኛ/ ስለ መጸዳጃና ስለ እጅ። ይህ የሚያሳፍር አርእስት አይደለም፤ የሚያሳፍረው ሳይታሰብበት መሄድ ነው። የተዘጋጀ መጸዳጃ በሌለበት ሥፍራ ጉድጓድ የሚቆፈረው ከውሃ ምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆና ከምንጩ በታች በሆነ መሬት ነው። አካፋና የመጋረጃ ሸራ የጉዞው ዕቃ ናቸው። አፈሩ በአጠገቡ ይከመርና እያንዳንዱ ሰው ጥቂት ይመልስበት። በአጠገቡም ውሃና ሳሙና ይኑር። በሜዳ ከሚነሡት የሆድ በሽታዎች ብዙዎቹ የሚተላለፉት ባልታጠበ እጅ ነው፤ አንዱ ሰው ሳይታጠብ የጨበጠው በሶ ለአሥሩ ይደርሳል።

7ኛ/ ስለ እግር፥ ስለ ጆሮና ስለ ወባ። በዉድስቶክ ሐኪሞቹን ያደከመው የተቆረጠ እግር እንደነበረ ተናግረናል። ጠንካራ ጫማ፥ ሁለት ደረቅ ካልሲ፥ ፋሻና የቁስል መድኃኒት አይረሱ። ጆሮን በሚመለከት፥ 85 ዴሲቤል የሚሆን ድምፅ በቀን ለስምንት ሰዓት ይቻላል ይባላል፤ ድምፁ በሦስት ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚቻለው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 100 ዴሲቤል ላይ ያለን የቀረን 15 ደቂቃ ብቻ ነው። በድምፅ ማጉያው ሥር መቆም ሙዚቃውን አብልጦ አያሰማም፤ ለነገ የሚሆነንን ጆሮ ይወስዳል እንጂ። ከ2,000 ሜትር በታች ባሉ ብዙ ቦታዎች ደግሞ የወባ ትንኝ የምትናከሰው በምሽትና በሌሊት፥ ልክ ሙዚቃው በሚደምቅበት ሰዓት ነው። እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስና አጎበር ያስፈልጋሉ፤ ከተመለስን በኋላም ትኩሳት የተሰማው ሰው የት ሰንብቶ እንደመጣ ለሐኪሙ ይንገር።

8ኛ/ ስለ ሥራ ክፍፍል። በእኛ ታሪክ ድንኳን አዲስ ነገር አይደለም። «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ በቀድሞ ዘመን ንጉሡና ሠራዊቱ የሰፈሩበትን ቦታ የሚያመለክት ነበር። በዚያ ሰፈር የንጉሡ ድንኳን በመካከል፥ ፊታውራሪ በፊት፥ ቀኛዝማች በቀኝ፥ ግራዝማች በግራ ስለሆነ ማንም በጨለማ እንኳ ቦታውን አይስትም። እኛም ይህን ያህል ሥርዓት ባያሻን ሁለት ነገር ያስፈልገናል። አንደኛው፥ ስንጠፋፋ የምንገናኝበት ቦታና ሰዓት አስቀድሞ መወሰን ነው፤ ሕዝብ በበዛበት ሜዳ የእጅ ስልክ መስመር ይጨናነቃል፥ ባትሪውም ያልቃል። ሁለተኛው፥ ማን ውሃ እንደሚቀዳ፥ ማን እንደሚያበስል፥ ማን እንደሚያጥብ፥ ማን ዕቃ እንደሚጠብቅ ስሙ ተጽፎ በወረፋ መደልደል ነው።

ይህን ሁለተኛውን አጥብቀን የምንናገርበት ምክንያት አለን። ክፍፍሉ ካልተጻፈ ሸክሙ በማን ላይ እንደሚወድቅ ሁላችንም እናውቃለን። ወንዶቹ ጊታር ሲቃኙ እኅቶቻችን በጭስ ውስጥ ሽንኩርት ይልጣሉ፤ ሙዚቃው ሲያልቅ ደግሞ ድስት ያጥባሉ። ስለ እኩልነት በክርክር መድረክ ላይ የምናሰማው ንግግር በሜዳ ላይ ካልታየ ንግግር ሆኖ ይቀራል። የአዋጡት ገንዘብ እኩል ከሆነ የሚሰሙትም ዘፈን እኩል መሆን አለበት።

ሠ/ ስለ አንድ ተቃውሞ

«ይህን ሁሉ ዝርዝር የሚያነብ ሰው የጉዞ ፍላጎቱ ይጠፋል፤ የጉዞ ጣዕሙ እኮ በድንገት ብድግ ማለቱ ነው» የሚሉ ጓደኞች አሉን። አስተያየታቸው ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ከቢሮ እንደወጣ መመሪያ በሰዓት የተከፋፈለ ጨዋታ ጨዋታነቱ ይጠፋል። ነገር ግን በድንገት ብድግ የሚለው ሰው ነፃነት በማን ላይ እንደቆመ እንጠይቅ። በዉድስቶክ አንዱ ባዶ እጁን መጥቶ ሲጨፍር ሌላው ሙዚቃውን ትቶ ድስት ማማሰል ነበረበት። የመጀመሪያው ሰው ነፃነት የተከፈለው በሁለተኛው ሰው ድካም ነው። ሁሉም በጥቂቱ ቢዘጋጅ ኖሮ ማንም ሙሉውን ሸክም ባልተሸከመ ነበር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ይኸው ነው። የዝግጅትም ዓላማ ይህ ነው፤ ሥራው ሁሉ አስቀድሞ ስላለቀ ሙዚቃው ሲጀመር ሁሉም ሰው እጁ ባዶ፥ ልቡ ሙሉ ሆኖ እንዲቀመጥ ማድረግ።

ስለዚህ ለጉዞ የሚያስቡ ጓደኞቻችን ሁለት ነገር እንዲያደርጉ በማሳሰብ እንፈጽማለን። ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት በአንድ ምሽት ድንኳኖቹን በግቢያችን ሣር ላይ ይትከሏቸውና በየአንዳንዱ ላይ አንድ ባልዲ ውሃ ያፍስሱ። የጎደለው ካስማ፥ የተበጠሰው አውታር፥ የሚያፈሰው ስፌት ሁሉ ገበያ ሳይርቅ ይታወቃል። ስንቁም በሚቋጠርበት ጊዜ ለአሥር ሰው የአሥራ አንድ ሰው ይቋጠር። አሥራ አንደኛው ይህን ጽሑፍ ሳያነብ የሚመጣው ጎረቤታችን ነው።